ትሬለር ኪችን ለምትጀምሩ፦ ፕሮፔኑን እንዲህ ያዙት

ሰሞኑን አንድ ወንድሜ ምግብ የሚያበስልበት ትሬለር ገዝቶ «ምን ዓይነት የፕሮፔን (የማብሰያ ጋዝ) ታንክ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ታንኩን እርሱት። ከእሳቱ ጀምሩ። ምን ምን እንደምታበስሉ ጻፉና የእያንዳንዱን ዕቃ ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ደምሩ፤ ቁጥሩ ዕቃው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ አለ። ለምሳሌ ባለ አራት ምድጃ ስቶቭ፣ እያንዳንዱ 30,000 ቢሆን 120,000 ነው። ግሪድል (ጠፍጣፋ መጥበሻ) 90,000፣ ፍራየር (በዘይት መጥበሻ) 90,000 ጨምሩበት። በሰዓት 300,000 ሆነ ማለት ነው። አንድ ፓውንድ ፕሮፔን 21,500 ገደማ ቢቲዩ ይሰጣል። ስለዚህ ሁሉም ሙሉ እሳት ላይ ከሆኑ በሰዓት 14 ፓውንድ ይበላሉ። ለባርቤኪው የምንለውጠው ትንሹ ታንክ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አያልፍም።

እኔ ይህን ሳልደምር ጀምሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ጥር ወር ላይ ተቀጣሁ። ሰው ተሰልፏል፣ ጥብሱ መጥበሻው ላይ መንጫጫቱን አቆመ። እሳቱ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ጋዝ ያለቀ መስሎኝ ወጥቼ ታንኩን ብነካው ከወገቡ በታች ውርጭ ለብሷል፣ ብነቀንቀው ግን ግማሽ ያህል አለው። በኋላ ነው የገባኝ። ፕሮፔን ታንኩ ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል፣ ከትንሽ ታንክ ብዙ ምድጃ ሲስብ ታንኩ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። በብርድ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ተለቅ ያለ ታንክ፣ ወይም ሁለት ታንክ አንድ ላይ ከፍቶ ጫናውን ማካፈል ነው። በእሳት ወይም በሂተር ታንክ ማሞቅ በፍጹም አይሞከርም።

አሁን ሁለት ባለ 40 ፓውንድ ነው የምጠቀመው። ፍራየሩን አውጥቼዋለሁ። ወጡን ኮሚሰሪ ኪችን (የሚከራይ ፈቃድ ያለው ማእድ ቤት) ሠርቼ አመጣለሁ፣ እንጀራውን እገዛለሁ፣ ትሬለሩ ላይ ጥብስና ሽሮ ብቻ ነው የሚሠራው። እኔን ብትጠይቁኝ ከየትኛውም ዕቃ በፊት የምመክረው ይህንን ነው፤ እሳት ቀንሱ።

ታንክ መሙላትን በተመለከተ፣ ብሉ ራይኖ ወይም አሜሪጋስ ባዶውን ሰጥታችሁ የተሞላ የምትወስዱበት ነው። እሑድ ማታም ይገኛል፣ ለክፉ ቀን ጥሩ ነው። ግን 20 ፓውንድ በሚይዘው ታንክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 15 ነው የሚሞሉት። ዩሆል ወይም ትራክተር ሰፕላይ ግን የራሳችሁን ታንክ በጋሎን ይሞሉላችኋል፣ የምትከፍሉት ለገባው ብቻ ነው። ለሥራ ከሆነ እኔ መሙላቱን እመርጣለሁ። የገዛ ታንካችሁን ዕድሜም ታውቁታላችሁ። የተሠራበት ወርና ዓመት አንገቱ ላይ ተመትቷል፤ የምርመራ ጊዜው ካለፈ እንዳታስሞሉት፣ የሚሞላላችሁ ሰው ዝም ቢል እንኳ። ነገሩ ዋዛ አይደለም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ የአንድ ምግብ መኪና ፕሮፔን ፈንድቶ እናትና ልጅ ሞተዋል።

ታንኩ የሚቀመጠው ውጭ ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በብረት ታስሮ። አገር ቤት የቡታጋዝ ሲሊንደር ስቶቩ ሥር ማስቀመጥ ስለለመድን ይህንን ደጋግሜ እናገራለሁ። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ካመለጠ ወለሉ ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። የጋዝ አላርሙንም ወለሉ አጠገብ ስቀሉት። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ለብቻው ነው፣ ቦታውም ከፍ ይላል።

የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ላይ አትቆጥቡ። ባለ ሁለት ደረጃ፣ አንዱ ታንክ ሲያልቅ ራሱ ወደ ሁለተኛው የሚዞረውን ግዙ። ማርሻል ኤክሴልሲየርም ካቫኛም አላቸው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ዋናው ነገር የተጻፈበት ቢቲዩ ከድምራችሁ መብለጡ ነው። ለተርኪ ዶሮ መጥበሻ የሚሸጠውን ቀይ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ስቶቭ ላይ እንዳትገጥሙ። አብዛኛው ስቶቭ የሚፈልገው 11 ኢንች የውሃ ግፊት (ዝቅተኛ የጋዝ ግፊት የሚለካበት) ነው፣ ያኛው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይለቃል።

መስመሩን ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ይዘርጋው። እኔ ትሬለሩን ስገዛ የሸጠልኝ ሰው ተራ ጎማ በክላምፕ አጥብቆ ነበር የሰጠኝ። የሳሙና ውሃ ስረጭበት እንደሚገነፍል ጀበና አረፋው ኩፍ አለ። ሁሉንም አስነቅዬ በጥቁር የብረት ቱቦ አስቀየርኩ፣ ስቶቩ ጋ ሲደርስ ብቻ የዶርሞንት ተጣጣፊ የጋዝ ቱቦ ገጠምኩ። አሁንም ታንክ በቀየርኩ ቁጥር መጋጠሚያው ላይ ሳሙና እረጫለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ሁዱ (ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ) ላይ ያለው እሳት ማጥፊያ አንሱልም ሆነ አሜሬክስ ይሁን፣ ሲሠራ ጋዙን አብሮ መዝጋት አለበት፣ በየ6 ወሩም ይመረመራል። ከመግዛታችሁ በፊት አቅራቢያችሁ መጥቶ የሚመረምር ድርጅት የትኛውን እንደሚሠራ ጠይቁ። ለዘይት እሳት የሚሆን ክላስ ኬ ማጥፊያም በር አጠገብ ይኑር። ማንኛውንም ነገር ከመበሳታችሁ በፊት ንድፋችሁን ይዛችሁ የካውንቲያችሁ ፋየር ማርሻል (የእሳት ደኅንነት ተቆጣጣሪ) ቢሮ ሂዱ። የአንዱ ካውንቲ ሕግ ከሌላው ይለያል።

ባልቲሞር ዝግጅት አለኝ ብለሽ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ መንገድሽን ቀድመሽ አስቢ። እያንዳንዱ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ታንክ ይዞ በፎርት ማክሄንሪም ሆነ በሃርበር ተነል ማለፍ ክልክል ነው። ድሮ በኪ ብሪጅ ነበር የምንዞረው፤ መጋቢት 2024 ከፈረሰ ወዲህ ግን 695 አውራ ጎዳናን ይዘሽ በምዕራብ በኩል ነው የምትዞሪው። ተጨማሪ ጊዜ ያዢ፣ ከመነሳትሽ በፊትም ሁለቱንም ታንክ ዝጊ።