ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ማነው?

ሜሮን፦
የ9 ዓመት ልጄ ትናንት እራት ላይ ይህን ጠየቀኝ። አሜሪካዊው ጋይ ብሉፎርድ ነው አልኩት። ባለቤቴ ግን ኩባዊ ነው ብሎ ድርቅ አለ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ዳዊት፦
ባለቤትሽ ልክ ነው። ብሉፎርድ የወጣው ነሐሴ 1975 ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ኩባዊው 3 ዓመት ገደማ ይቀድመዋል።

የኢስላ ልጅ፦
እህቴ ሜሮን፣ ስሙ አርናልዶ ታማዮ ሜንዴስ ነው። እኔ ያኔ እዚያው ኩባ ነበርኩ። አባቴ ኦጋዴን ላይ ሞቶ፣ ከብዙ መሰሎቼ ጋር ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የሚባለው ደሴት ተልከን እንማር ነበር። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን እርሻ ላይ።

መስከረም 8 ቀን 1973 ታማዮ ከሶቭየቱ ዩሪ ሮማኔንኮ ጋር በሶዩዝ 38 መንኮራኩር ከባይኮኑር ማስወንጨፊያ ተነሳ። ዜናው ሲሰማ ግቢው በጩኸት ቀለጠ። የስፓኒሽ መምህራችን አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች የገባኝ ታሪኩን ስትነግረን ነው። ታማዮ ጓንታናሞ ውስጥ ተወልዶ፣ ያለ እናት አባት ያደገ ልጅ ነው። ሊስትሮ ሠርቷል። ከአብዮቱ በኋላ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ሚግ ማብረር ተማረ፤ ከዚያ የጦር አብራሪ ሆነ።

እኔም ኩባ ከመሄዴ በፊት ድሬዳዋ ሊስትሮ ነበርኩ። "ሊስትሮ" ስትል እጄን አየሁት። የጫማ ቀለሙ አሁንም ጥፍሬ ሥር ያለ መሰለኝ። እባክሽ ለልጅሽ ስትነግሪው ይቺን እንዳትዘያት።

ሜሮን፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ "እላይ ምን ሠራ?" በይልኝ እያለ ነው።

የኢስላ ልጅ፦
ሳልዩት 6 የሚባለው የጠፈር ጣቢያ ገብተው ብዙ ሙከራ ሠሩ። አንዱ የስኳር ነበር። ክብደት በሌለበት ስኳር እንዴት ክሪስታል እንደሚሠራ ለማየት። አገሩ የሸንኮራ አገር ነዋ! ሕዝቡ በዚህ ኮርቶ አይጠግብም ነበር።

መሬትን 124 ጊዜ ዞረው መስከረም 16 ካዛክስታን ላይ አረፉ። ለእኛ ደግሞ የደመራ ዕለት ነው። ሲመሽ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ደረቅ ቅርንጫፍ ሰብስበን ለኮስን። መምህራችን ጭሱን አይታ እየሮጠች መጣች። "ይሄ ምንድነው?" ስትል "ለታማዮ ነው" አልናት። እሷም እሳቱ እስኪጠፋ ከጎናችን ቆመች።