ሐዲድ ማለት ብረት ከሆነ፣ ብረትስ?

የአዳማው ጠያቂ፦
ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ሳይክል ፔዳል ጎብጦ ሰፈራችን ያለ ብየዳ ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ረዳቱን "ሐዲዱ ላይ አድርገህ ምታው" አለው። ዞር ብዬ ባይ ሐዲድ የሚባል ነገር የለም። ለካ መስፉን ነው! ክንድ የምታህል የድሮ ባቡር መስመር ቁራጭ ናት፤ አናቷ በመዶሻ ብዛት እንደ መስታወት ያበራል። ልጄ "አባ፣ ሐዲድ መንገድ አይደል እንዴ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እስቲ አስረዱኝ፤ ሐዲድ የመንገዱ ስም ነው ወይስ የብረቱ? "ሄደ" ከሚለው የመጣ ነው ሲሉም ሰምቻለሁ።

የሐረር ልጅ፦
"ሄደ"ን እርሳው ወንድሜ። "ሄደ" ድሮ "ኼደ" ነበር፤ ከግእዙ "ኬደ" ጋር ነው ዝምድናው። ሐዲድ ግን በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ያለምክንያት አይደለም። አረብኛ ነው፤ ትርጉሙም ብረት፣ በቃ። የቁርኣን 57ኛው ምዕራፍ ራሱ "አል-ሐዲድ" ይባላል። አረቦች የባቡር መንገዱን ሲጠሩ "ሲከት አል-ሐዲድ" ይላሉ፣ የብረት መንገድ ማለት ነው። ፈረንሳዮችም "ሸመን ደ ፌር" ሲሉ ያው የብረት መንገድ ማለታቸው ነው። እኛ መንገዱን ጥለን ብረቱን ብቻ ይዘን ቀረን። የእኔ ግምት ቃሉ ከባሕሩ በኩል ከሥራው ጋር ነው የወጣው። መስመሩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሐዲድ ያነጠፈው ሰው አፍ ላይ አረብኛ መኖሩ አይገርምም። ስለዚህ ልጅህም ልክ ናት፣ ብየዳውም ልክ ነው። እንዲያውም ብየዳው ሳያውቀው የቃሉን ጥንተ ትርጉም ነው የተናገረው።

ፌሮ አሳሪ ነበርኩ፦
ይሄማ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ነው 😄 ፌሮስ? በጣልያንኛ ፌሮ ብረት ነው፣ የትኛውም ብረት። ሳይት ላይ ግን ፌሮ ካልክ የኮንክሪት ውስጥ ብረት ብቻ ነው። በሩን ፌሮ ብትለው ይስቁብሃል። አማርኛ እንዲህ ነው፤ የውጭ ብረት ሲገባ "አንተ ባቡር ተሸከም፣ አንተ ኮለን ውስጥ ግባ" ብሎ ሥራ ይሰጠዋል። አጠቃላይ ስሙን ግን ለብረት ትቶለታል።

ጋሼ መምህር፦
ልጆቼ፣ ብረት ራሱም ንጹሕ አይደለም። በግእዝ "ብርት" መዳብና ናስ ነው። ብረቱ "ሐፂን" ነበር፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ ሓጺን ይላል። እኛ የመዳቡን ስም አንሥተን ለብረት ሰጠን። (እዚሁ አዳማ ገበያ በኦሮምኛ ሲቢላ ስትሉ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናችሁ።)

ደግሞ አንድ ነገር ዘላችሁ። ሐዲድ ተራ ብረት አይደለም፤ አረብ ብረት ነው። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ካርቦን ነው ልዩነቱን የሚያመጣው። እንግሊዝ አገር ደርቢ ጣቢያ፣ ባቡር በሚበዛበት ቦታ፣ የተራ ብረት ሐዲድ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1857 አንድ የአረብ ብረት ሐዲድ ቢዘረጉበት እስከ 1873 አገለገለ። እንግዲህ አስቡት፤ ከአረብ ብረት የተሠራውን ነገር፣ አረቦች ብረት በሚሉበት ቃል እንጠራዋለን።

የሐረር ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቺን አላሰብኳትም!

ፌሮ አሳሪ ነበርኩ፦
"ውይይቱ ሐዲዱን ሳተ" የሚባለውስ? የጋዜጠኛ ትርጉም ይመስለኛል።

ጋሼ መምህር፦
ይመስላል፣ ግን ቤተኛ ሆኗል። "መስመር ሳተ" ከሚለው ጎን ተቀምጦ ማንም አያውቅበትም። ለእኔ የሚደንቀኝ ባቡር ነው። ከ"ቫፐር" መጣ፣ እንፋሎት ማለት ነው። አሁን በአዳማ የሚያልፈው በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ የእንፋሎት ጠብታ የለበትም፤ እኛ ግን ባቡር እንላለን።

የአዳማው ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የድሮው ባቡር ሲያልፍ "ቀጭ ቀጭ" የሚለው ትዝ ይለኛል። መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዉለት ነበር፤ 12 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 4 ሚሊሜትር ይረዝማላ። ልጄ ያንን ድምፅ አታውቀውም።

ዛሬ ብየዳ ቤቱ ተመልሼ ሄጄ "ለምን በሌላ ብረት አትቀጠቅጥም?" አልኩት። "ሌላውማ ይሰረጉዳል፤ ይሄ ግን አይበገርም" አለኝ። ስለ አረብኛው ስነግረው "እኔ ድሮም ብረት ነው ያልኩት" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ፔዳሉ አሁንም ትንሽ ጠማማ ነው።