ኖዴ ይደውላል እንጂ አይደወልለትም

ሽቦ በሽቦ
ሰላም ለሁላችሁ። የኦልስታርሊንክ ኖዴ (የአማተር ሬዲዮዎችን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኮምፒውተር) ከሪፒተሩ (ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ከሚያሰራጨው ሬዲዮ) ጎን፣ ጣሪያ ላይ ነው ያለው። ኢንተርኔት የሚያገኘው በሲም ከሚሠራ ራውተር ነው። እኔ ወደ ሌሎች ኖዶች ስገባ ሁሉም ሰላም። ወደ እኔ ግን ማንም መግባት አልቻለም። ኖዱ ጥሪ የሚቀበልበትን በር፣ ዩዲፒ ፖርት 4569ን፣ ከፍቻለሁ። ፋየርዎሉንም አጥፍቼ ሞክሬያለሁ (አትቆጡኝ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው)። ሦስት ቅዳሜ በላብኝ። ራውተሩ የያዘው አይፒ በ100.81 ይጀምራል። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

የድሮ ሞርስ
ምንም አላበላሸህም ወዳጄ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለውን አድራሻ አቅራቢዎች የሚሰጡት ብዙ ደንበኛ በአንድ አይፒ ሲያወጡ ነው። የግቢው በር፣ ማለትም የአቅራቢው፣ ተቆልፎ የሳሎንህን በር ብርግድ ብታደርገው እንግዳ አይገባልህም።

እኔን የገላገለኝ ዋየርጋርድ (ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ የግል መስመር የሚዘረጋ ፕሮግራም) ያለው ትንሽ ራውተር ነው። ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ቋሚ አይፒ ካለው የኪራይ ሰርቨር ጋር ይገናኛል። ሰርቨሩ 4569 ላይ የመጣውን ሁሉ በዚያው መስመር ይልክልሃል። ኪፕአላይቩን (መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከውን ምልክት) 25 ሰከንድ አድርገው፤ ካልሆነ ዝም ባልክ ቁጥር መስመሩ ይዘጋብሃል። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካለህ ደግሞ ከ44ኔት (ከአማተሮች የአይፒ አድራሻ ክምችት) አይፒ መጠየቅ ትችላለህ። በ44 የሚጀምረው አድራሻ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአማተሮች ነበር። ሩቡ በ2019 ለአማዞን ተሸጠ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሰባት ሜጋ
የተባለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዋየርጋርድ የሚያልፍበትን ሁሉ ይመሰጥራል። በኢንተርኔት በኩል ምንም ችግር የለውም። ነገ ተነስተህ ያንኑ መስመር በአማተር ባንድ ሊንክ ላሳልፍ ብትል ግን አይሆንም። በእኛ ሞገድ ላይ መልእክትን መሰወር ክልክል ነው።

ሽቦ በሽቦ
ሠራ! ትናንት ማታ የመጀመሪያው ሰው ገባ፣ በደስታ የራሴ የጥሪ ምልክት ጠፋብኝ። ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ተነሳ፣ ቪፒኤኑ አልተነሳም። በእጄ ሰዓቱን ሳስተካክለው ወዲያው መጣ። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?

የድሮ ሞርስ
መልሱን ራስህ አገኘኸውኮ። ራውተሩ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም፤ ሲነሳ ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰርቨሩ ካለፈው ጥሪ የቀደመ ሰዓት ሲያይ «ይሄ የድሮ ቅጂ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒም በቪፒኤኑ እንዲያልፍ ካደረግከው አንዱ አንዱን እየጠበቀ ይቀራል። ኤንቲፒውን በቀጥታ በሲሙ አውጣው።

ሽቦ በሽቦ
ሁሉንም በቪፒኤን አሳልፍ የምትለዋን ምልክት ያደረግኩባት እኔው ነኝ። መሰላሉን ላምጣ።