ፍላሽ ላይ ኮምፓይል ያረኩት ፕሮግራም ፐርሚሽን ዲናይድ እያለኝ ነው፣ እርዱኝ

የሃይቅ ዳሯ፦ ሰላም ልጆች፣ ሃዋሳ ነኝ፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ ከጫንኩ ገና ሶስት ሳምንቴ ነው። የሲ አሳይመንቴን ፍላሽ ላይ ጽፌ እዛው ፍላሹ ላይ በጂሲሲ (ኮዱን ወደሚነሳ ፕሮግራም በሚቀይረው) ኮምፓይል አረኩት፣ ኤረር የለም፣ ሄሎ የሚል ፋይል ወጣ፣ ./ሄሎ ስለው ግን ፐርሚሽን ዲናይድ። ላፕቶፑ የኔ ፍላሹ የኔ ኮዱ የኔ፣ ማንን ነው የማስፈቅደው? ነገ ጠዋት ላብ ላይ ማሳየት አለብኝ ባካችሁ

የታቦር ልጅ፦ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ስልጣን የሚያስነሳውን ትዕዛዝ) አስቀድሚበት ይሄዳል

የሃይቅ ዳሯ፦ ሞከርኩት፣ ጭራሽ ኮማንድ ኖት ፋውንድ አለኝ፣ ፋይሉ እኮ አይኔ ስር ነው ያለው 😭

ቡና በጨው፦ ኧረ ሱዶን ተዉት፣ ሩትም (የሁሉ የበላይ አስተዳዳሪ) ብትሆኚ ኤክስ፣ ማለትም የመነሳት ፈቃድ፣ የሌለውን ፋይል አታስነሺውም። ፈቃድ በሚቀይረው ትዕዛዝ ሲኤችሞድ ፕላስ ኤክስ አርጊውና፣ ፈቃዱን ለማየት ኤልኤስ ሰረዝ ኤል ብለሽ ምን እንደሚል ንገሪን።

የሃይቅ ዳሯ፦ አረኩት፣ ዝም አለ፣ ኤረርም የለ። 777ም፣ ሁሉንም ፈቃድ ለሁሉም፣ ሰጠሁት። ኤልኤስ ስል ግን ያው 644 ነው፣ ኤክስ የለውም። የሚያናድደው ደሞ ፕሪንት ቤት ስሰካ የገባብኝ ቫይረስ አለ፣ መጨረሻው ነጥብ ኢኤክስኢ የሆነ፣ እሱ ኤክስ አለው፣ በአረንጓዴ እያበራ ተቀምጧል። የኔ ተከልክሎ ለሱ ተፈቀደለት!

ቡና በጨው፦ ሃሃ በቃ ቫይረሱ ነገረን። ፍላሽሽ ፎርማቱ ፋት32 ነው፣ እሱ ደሞ ይሄን ፋይል ማን ያንብበው ማን ያስነሳው የሚለውን የሚጽፍበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ሊኑክስ ማውንት ሲያረገው፣ ማለትም ከፍቶ ሲያገናኘው፣ ነው ለሁሉም ፈቃዱን የሚያድለው። ሲኤችሞድ የሚመዘግብበት ስላጣ ዝም ብሎ ያልፋል። ኡቡንቱ ፍላሽ በራሱ ሲከፍት ሾውኤግዜክ የሚባል ኦፕሽን ይጨምራል፣ ያ ማለት ኤክስ የሚያገኙት ስማቸው በኢኤክስኢ፣ በኮም ወይ በባት የሚያልቅ ፋይሎች ብቻ ናቸው። ማውንት ብለሽ ጻፊና የፍላሹን መስመር እዪው፣ ቪፋት (ሊኑክስ ፋት32ን የሚጠራበት ስም) እና ሾውኤግዜክ ካለበት እሱ ነው።

የታቦር ልጅ፦ እና ሄሎ ነጥብ ኢኤክስኢ ብትለው ይነሳል??

ቡና በጨው፦ ይነሳል፣ ግን ለመምህሩ ምን ብላ ልታስረዳ ነው

የአዳማው፦ ፈቃድ በሚመዘግበው የሊኑክስ ፎርማት በኢኤክስቲ4 ፎርማት አርጊውና ተገላገይ

የሃይቅ ዳሯ፦ አይሆንም፣ ፕሪንት ቤቱ ዊንዶስ ነው፣ ኢኤክስቲ4ን ስለማያነብ ፎርማት ላርገው ወይ እያለ ኖቴን በሙሉ ቢያጠፋብኝስ

ቡና በጨው፦ ልክ ነሽ ፎርማቱን ተይው። ኮዱ ፍላሹ ላይ ይቀመጥ፣ የሚወጣውን ፕሮግራም ብቻ ወደ ሆም (ላፕቶፑ ላይ ወዳለው የራስሽ ፎልደር፣ ምልክቱ ~) ላኪው፣ ጂሲሲ ሄሎ ነጥብ ሲ ብለሽ ሰረዝ ኦ ~/ሄሎ፣ ከዛ ~/ሄሎ ብለሽ አስነሺው። የተሰራውን ከፍላሹ ኮፒ ካረግሽው ግን ኤክስ ሳይኖረው ነው የሚመጣው፣ ሆም ላይ አንዴ ሲኤችሞድ አርጊው፣ እዛ ይሰማሻል።

የአዳማው፦ የኔን ደሞ ከራስፕቤሪ ፓይ (ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ወደ ላፕቶፕ አምጥቼ ኤክስም ሰጥቼው እምቢ አለ

ቡና በጨው፦ ኤግዜክ ፎርማት ኤረር ካለህ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም፣ የፓዩ ፕሮሰሰር ኤአርኤም ነው የላፕቶፕህ ኢንቴል፣ አንዱ የሌላውን ፕሮግራም አያስነሳም፣ ኮዱን አምጣና እንደገና ኮምፓይል አርገው።

የሃይቅ ዳሯ፦ ሰራራራ!!! ተባረክ። ላብ ላይስ ፍላሹን ሰክቼ ያው ነው?

ቡና በጨው፦ ያው ነው፣ እዛም ሆምሽ ላይ አውጪው። ቫይረሷን ግን ከመሄድሽ በፊት አጥፊያት።