የትንሹ አንጀት ዕጢ ምርመራ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት

ከረቂቅ ኮሚቴው፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የጋራ ሐሳባችን ቅዳሜ ሜክሲኮ አካባቢ በምናደርገው ስብሰባ ይጸድቃል። ረቂቁ አሁን የሚጀምረው በባለ ሁለት ፊኛ ኢንቴሮስኮፕ (በሁለት ፊኛዎች እየታገዘ ወደ ትንሹ አንጀት ዘልቆ የሚገባ የካሜራ ቱቦ) ግዢ ነው። የምትጨምሩትንም የምትቀንሱትንም ጻፉልን።

ከጨጓራና አንጀት ሐኪም፦ ግዢው ወደ ኋላ ይሂድ እላለሁ። መሣሪያውን ንቄው አይደለም፤ ጃፓናዊው ሐኪም ሂሮኖሪ ያማሞቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ካስተዋወቁት ወዲህ ከአንጀቱ መካከል ናሙና መውሰድም ደም ማቆምም ተችሏል። ደም እያነሳት የምትመጣው የእኛ በሽተኛ ግን እዚያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ትቀራለች። በአፍ የሚገባው የካሜራ ቱቦ፣ ኢንዶስኮፕ፣ ከዱኦዲነም (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ) እምብዛም አያልፍም፤ በፊንጢጣ የሚገባው ኮሎኖስኮፕ ደግሞ ቢበዛ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው የሚያየው። በመካከሉ ሜትሮች የሚረዝም አንጀት አለ። ዕጢው እዚያ ከሆነ «ሁለቱም ምርመራ ደህና ነው» ተብላ ትሸኛለች፤ የአንጀት ትል መድኃኒት ይታዘዝላታል፣ አይረን ትውጣለች፣ ደም ይሰጣታል፣ ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ይሁን፦ ሁለቱም ምርመራ ምንም ሳያሳይ የደሙ መጠን ዳግም የወረደ በሽተኛ ሁሉ በዚያው ሳምንት ወደ ጋራ ቡድናችን ይላክ። ካፕሱል ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም እንደ ኪኒን በሚዋጥ ትንሽ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ፣ ይከተላል፤ ለስምንት ሰዓት ያህል ፎቶ እያነሳ ስለሚወርድ ንባቡ ረጅም ነው፣ በየሆስፒታሉ ያለን አባላት እንከፋፈለው።

ከቀዶ ሕክምና፦ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይቅደም። የአንጀት ቲቢ ባለበት አገር፣ ጠባብ ቦታ ላይ የተቀረቀረ ካፕሱል ማውጣት የእኔ ሥራ ይሆናል። ቁርጠት ያለበት ወይም ለቲቢ የታከመ ሰው ሲቲ ስካን ሳይነሳ ካፕሱል አይዋጥ። ጂስት የሚባለው ዕጢም ከአንጀቱ ሽፋን ሥር ስለሚያድግ ካፕሱሉ ሳያሳየው ሊያልፍ ይችላል፤ ሲቲው ያኔም ያስፈልገናል። በኢንቴሮስኮፒ የተገኘው ቦታ ደግሞ በቀለም ይነቀስልኝ፤ ትንሽ ዕጢ ሆድ ተከፍቶም በእጅ ላይገኝ ይችላል።

ከፓቶሎጂ፦ በበጀቱ ውስጥ ሲዲ117 የሚባለውን የዕጢ ፕሮቲን በናሙናው ላይ የሚያሳየው ማቅለሚያ የለም። ያለ እሱ ጂስትን ከሌላ ዕጢ መለየት ያዳግተናል፤ የጂስት መድኃኒት የሆነውን ኢማቲኒብ ለመጀመርም መነሻችን እሱ ነው።

ከኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ፦ ዶክተሮች፣ በመላኪያ ቅጹ ላይ አይረን የተጀመረበት ቀን ይጻፍልን። አይረን ራሱ ሰገራ ያጠቁራል፤ ቀኑ ካልታወቀ ጥቁረቱ ከደም ይሁን ከኪኒኑ መለየት ይቸግረናል። የካፕሱሉን ዋጋ በሽተኛው ይሸፍናል የሚለው አንቀጽ ግን ይሰረዝ። ሥራዋን አቁማ ለወራት ስትመላለስ የከረመች ሴት ያንን ከየት ታመጣለች?

ከረቂቅ ኮሚቴው፦ ግዢው ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተዛውሯል፤ መላኪያው፣ ሲቲው፣ ማቅለሚያውና ቅጹ ገብተዋል። የካፕሱሉን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ቅዳሜ ይወሰናል፤ አማራጭ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልን።