የእህቴ ፕሮላክቲን (ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን) ከፍ ብሏል፤ ኤምአርአይ ይቅደም ወይስ የታይሮይድ መድኃኒት?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስድስት ኪሎ ነው የምንኖረው። እህቴ 31 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ከቀረ 5 ወሩ፤ እርጉዝ ግን አይደለችም። ሳታጠባ ከጡቷ ወተት ይፈሳል። ይሄ በጣም ነው ያስደነገጠን። ስትመረመር ፕሮላክቲኗም ቲኤስኤቿም (ታይሮይድ ሲደክም የሚጨምረው ሆርሞን) ከፍ ብሎ ተገኘ።

አንዱ ሐኪም ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ እባጭ እንዳይሆን ኤምአርአይ ተነሺ አሏት። ሌላዋ ደግሞ «ታይሮይድ ሲደክም ፕሮላክቲን ይጨምራል፣ እሱም እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል። መጀመሪያ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ መድኃኒት) ጀምሪ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመለሺ» አሏት። ለእኔ የሁለተኛዋ ሚዛን ይደፋል። ግን ራስ ምታት ጀምሯታል፤ መጠበቁን ፈራሁት።

እንዲህ ያጋጠማችሁ፣ መድኃኒቱን ከጀመራችሁ በስንት ጊዜ ወተቱ ቆመ? ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የሆርሞን ስፔሻሊስት የምታውቁም ጠቁሙኝ። መውለድ ትፈልጋለች፤ እንቅልፍ አጥታለች። እባካችሁ።