የታዳጊው የሽንት ምርመራ ውጤት ለወላጅ ይነገር ወይስ አይነገር?

መነሻ ጥያቄ፦ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ቤቱ እያደረ በተመላላሽ የሱስ ሕክምና ይከታተላል። ወላጆቹም የሕክምናው አካል ናቸው። በሽንቱ ካናቢስ (ብዙዎች ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚሉት) ተገኘ። ውጤቱ ለወላጆቹ ይነገር?

የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ፦ ይነገር ባይ ነኝ። በተመላላሽ ሕክምና ልጁን የምናገኘው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፤ ለታዳጊዎች መደበኛው ከ6 ሰዓት በታች፣ ጠንከር ያለው ደግሞ ከ6 እስከ 19 ሰዓት ነው። ሌላውን ጊዜ ከልጁ ጋር የሚያሳልፈው ቤተሰቡ ነው። ንጹሕ ውጤት ሲመጣ የውጪ ሰዓቱ ይራዘምለት፣ ካልመጣ ይቀነስበት ብለን ውል እናስገባለን። ውጤቱን የማያውቅ ወላጅ ታዲያ ውሉን በምን ይፈጽመዋል?

ነርስ፦ በዚህ አልስማማም። ውጤቱ በቀጥታ ቤቱ እንደሚገባ ያወቀ ልጅ ለምርመራው መዘጋጀት ይጀምራል፦ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ የሌላ ሰው ሽንት ይዞ ይመጣል። የከፋው ደግሞ ወደ ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድ፣ ማለትም የካናቢስን ስሜት ለመስጠት በኬሚካል ወደተሠራ ዕፅ፣ ሲዞር ነው። የተለመደው ፈጣን ምርመራ አያገኘውም፤ ጉዳቱ ግን ከካናቢስ ይብሳል፤ እስከ መንቀጥቀጥና አእምሮ መሳት ይደርሳል። ወላጅን ለማረጋጋት ስንል ልጁን ወደ ባሰ ነገር እንገፋዋለን።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ውጤቱን እንደ እውነት ቆጥራችሁ ነው የምትከራከሩት። መጀመሪያ ናሙናው ይታይ። ሽንት በተሰጠ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልሆነ ተጠርጣሪ ነው። ክሪያቲኒኑ (ከጡንቻ የሚመነጭና በሽንት የሚወጣ ንጥረ ነገር) በዴሲ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም ካነሰ ሽንቱ በውሃ ቀጥኗል፤ በቀጠነ ሽንት ላይ «ንጹሕ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም፣ ለምሳሌ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው፣ በፈጣን ምርመራ አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ማረጋገጫ ምርመራ ሳይሠራ ለማንም አይነገርም።

ካናቢስ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። አልፎ አልፎ የሚያጨስ ሰው ሽንቱ በአብዛኛው በጥቂት ቀን ይጠራል። በየቀኑ አብዝቶ ሲያጨስ የኖረ ግን ካቆመም በኋላ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊታይበት ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት «ካናቢስ አለ» የሚል ወረቀት ለአባት ቢሰጥ፣ በእርግጥ ያቆመውን ልጅ ውሸታም ያሰኘዋል። መታየት ያለበት፣ የሽንቱ መቅጠን እንዳያሳስት የካናቢሱ መጠን ለክሪያቲኒን ተካፍሎ፣ ከምርመራ ወደ ምርመራ መውረዱ ነው።

የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ወረቀቱ ብቻውን ወደ ቤት አይሂድ። ግን ይነገር ማለቴን አልተውኩም፤ አነጋገሩ ይስተካከል ነው የምለው። ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር ልጁ ባለበት በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ውጤቱ ከተረጋገጠ ልጁ ራሱ በጋራ ክፍለ ጊዜ ይናገር፤ አማካሪው አጠገቡ ይሁን። ከዚያ በፊት ወላጅ ብቻውን ይዘጋጅ። ለታዳጊዎች የተዘጋጀው የማኅበረሰብ ማጠናከሪያ ዘዴ (A-CRA የሚባለው የሱስ ምክር ሕክምና) እንኳን 10 ጊዜ ከልጁ፣ 2 ጊዜ ከወላጅ፣ 2 ጊዜ በጋራ ነው የተዋቀረው። ያልተዘጋጀ ወላጅ በጋራ ሲገባ «ከማን ጋር ነበርክ?» ብሎ እንደ ፖሊስ መመርመር ይጀምራል፤ ልጁም አፉን ይዘጋል። በዚያ ክፍል ወላጁ መጠየቅ ያለበት «የዚያን ቀን ከማጨስህ በፊት ምን ነበር?» ብሎ ነው።

ነርስ፦ ልጁን የሚደበድብ ወላጅ ካለስ? እዚያ ቤት የጻፋችሁት ውል ዱላውን አያስቆምም። የድብደባ ምልክት ካለ ውጤቱ አይነገርም፤ የልጁ ደኅንነት ይቅደም። ሌላ የሚታመን አዋቂ ዘመድም ይፈለግ።

በአንጻሩ ሳይነገር የማይታደረው ሁለት ጉዳይ አለ። በየቀኑ አልኮል ወይም የቤንዞዲያዜፒን ኪኒን (እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ) የሚወስድ ልጅ በድንገት ካቆመ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል፤ በቤቱ ሆኖ ብቻውን ማቆም የለበትም። ኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይን፣ ሞርፊንና ትራማዶል ያለ) ከሆነ ደግሞ ሰውነቱ ሳምንታት ካረፈ በኋላ የቀድሞውን መጠን አይችለውም፤ አንዴ ካገረሸበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እዚያ ቤት ናሎክሶን፣ ማለትም የኦፒዮይድን ከመጠን ማለፍ የሚቀለብስ መድኃኒት፣ ይኑር፤ በቤቱ ያለ አዋቂ ሁሉም አጠቃቀሙን ይልመድ።

የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ፦ በድብደባው ጉዳይ አንለያይም፤ ግን ያ መጣራት ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊት፣ ልጁ ለብቻው ተጠይቆ ነው። ውጤት ከመጣ በኋላ ማጣራት ብንጀምር ዘግይተናል።